ጣሪያው ገሸሽ የሚል የከዋክብት ማያ ቤት በጓሮ ለመሥራት

ቴሌስኮፕ ያለው ሰው ሁሉ ይህቺን ነገር ያውቃታል። ሰማዩ ጠርቷል፣ ጨረቃም የለችም። ባለ ሦስት እግሩን ተሸክሞ መውጣት አለ። ማውንቱን፣ ማለትም ቴሌስኮፑን ይዞ የሚያዞረውን ክፍል መስቀል፣ ክብደቱን ማመጣጠን፣ የሰማይ ዋልታን፣ ማለትም ሰማዩ የሚዞርበትን ነጥብ መፈለግ፣ ገመድ መዘርጋት አለ። ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት ይበላል። በመጨረሻ ዓይን ወደ መመልከቻው ሲጠጋ ደመና ከች ይላል። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሆነ ቴሌስኮፑ ቁም ሣጥን ላይ ይወጣና አቧራ ይለብሳል።

እኔን ከዚህ ያወጣችኝ ጓሮ ውስጥ ያቆምኳት 3 በ3 ሜትር ክፍል ናት። ቴሌስኮፑ እንደተተከለ ይኖራል። ጣሪያው ከሥሩ ጎማ አለው። ሲፈለግ በሐዲድ ላይ ይገፋና ወደ ጎን ገሸሽ ይላል። በሩን ከመክፈት እስከ መጀመሪያው ኮከብ ድረስ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ክብ ጉልላት ያለውስ አይሻልም ወይ የሚል ይኖራል። ጉልላት ከንፋስና ከጤዛ የተሻለ ይከላከላል፣ ይህ እውነት ነው። ግን ለመሥራት ከባድ ነው፣ ሰማዩንም በጠባብ ስንጥቅ ብቻ ያሳያል። በውስጡ የተጠራቀመው ሙቀትም በዚያው ስንጥቅ ስለሚወጣ ምስሉን ያርገበግበዋል። ጣሪያው ሙሉ በሙሉ ሲነሳ ግን ክፍሉ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ሰማዩም ከዳር እስከ ዳር ይታያል። ትልልቆቹም ይህን መንገድ ይጠቀማሉ። አሜሪካ፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አፓቺ ፖይንት ላይ ያለው የስሎን የሰማይ ቅኝት 2.5 ሜትር ቴሌስኮፕ ጉልላት የለውም። የሚሸፍነው ቤት ማታ ማታ በሐዲድ ተገፍቶ ይርቅለታል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። ብዙ ሰው ቤቱን ሠርቶ ቴሌስኮፑን ያስገባል። መሆን ያለበት ግን ተቃራኒው ነው። ልብስ በሰው ልክ እንደሚሰፋ ቤቱም በቴሌስኮፑ ልክ ይሰፋል።

1. መጀመሪያ ቴሌስኮፑን ለኩ

ቴሌስኮፑን ማውንቱ ላይ ስቀሉት። የጤዛ መከላከያውን፣ ካሜራውን፣ ጠቋሚውን፣ ሁሉንም ግጠሙበት። ከዚያ በሁሉም አቅጣጫ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ከመሃል እስከ ሩቁ ጫፍ ስንት ይደርሳል? ሚዛን ጠባቂው ክብደት ያለበትንም ዘንግ አትርሱ። በእኔ 90 ሴንቲሜትር ነበር። በዚያ ላይ ሰው ወገቡን ሳያጥፍ እንዲያልፍ 60 ሴንቲሜትር ጨመርኩ። 1.5 ሜትር መጣ። ስለዚህ ክፍሉ 3 በ3 ሜትር ሆነ። ለአንድ መካከለኛ ቴሌስኮፕ ከዚህ ብዙም አይበልጥም፤ ከ2.5 ሜትር በታች ግን ሰው ይጨናነቃል።

ቀጥሎ የግድግዳው ከፍታ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ አለ። የማውንቱ ሁለት ዘንጎች የሚገናኙበት ነጥብ ከወለሉ 1.4 ሜትር ላይ ነው እንበል። ግድግዳው 1.8 ሜትር፣ ርቀቱ 1.5 ሜትር ከሆነ ከአድማስ በላይ ወደ 15 ዲግሪ የሚጠጋ ሰማይ ይጋረዳል። ይህ አያሳዝናችሁ። በ15 ዲግሪ ከፍታ ላይ ያለ ኮከብ ብርሃኑ የሚያቋርጠው አየር አናታችን ላይ ካለው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። እዚያ የሚገኘው ምስል የተርገበገበና የደበዘዘ ነው። ግድግዳው በምትኩ ንፋስንና የመንገድ መብራትን ይከልላል።

ሦስተኛው ልኬት የሚረሳው ነው። ቴሌስኮፑ ሲያርፍ ስንት ከፍታ ይይዛል? ጣሪያው ሲገፋ በላዩ ላይ ያልፋላ። የጀርመን ዓይነት የሚባለው፣ ቱቦው በአንድ ጎን፣ ሚዛን ጠባቂው ክብደት በሌላው ጎን የሚሆንበት ማውንት ከሆነ ክብደቱን ወደ ታች፣ ቱቦውን ወደ ላይ አድርጋችሁ ካሳረፋችሁት ከፍ ይላል። የክብደቱን ዘንግ አግድም፣ ቱቦውንም አግድም አድርጋችሁ ወደ ጎን አሳርፉት። በዚህ አቀማመጥ ከወለል እስከ ላይኛው ጫፍ ለኩ። ቁጥሩን ጻፉትና ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ከዚህ በኋላ የሚቆረጠው እንጨት ሁሉ ለዚህ ቁጥር ይገዛል።

2. ቦታ

ካሰባችሁት ቦታ ላይ ወንበር አውጥታችሁ ለጥቂት ሌሊቶች ተቀመጡ። የሞኝ ሥራ ይመስላል፤ አይደለም። የቱ ዛፍ የቱን ሰማይ እንደሚጋርድ፣ የጎረቤት መብራት በስንት ሰዓት እንደሚጠፋ፣ ጤዛ የት እንደሚበዛ ቀን ቀን አይታይም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ከጠጣ የኮንክሪት ሜዳ ወይም የቤት ጣሪያ ራቅ በሉ። ማታ ሙቀቱን ሲተፋ በላዩ የሚታየው ኮከብ እንደሚፈላ ውኃ ይንቀጠቀጣል። ሣር ይሻላል። ዝናብ ሲዘንብ ውኃ የሚተኛበት ጉድጓዳ ቦታም አይሆንም።

ቦታው 3 በ3 ሳይሆን 3 በ6 መሆኑን ልብ በሉ። ጣሪያው የሚሸሽበትም ቦታ ይፈልጋል። ወደየት ይሽሽ? የተገፋው ጣሪያ ከግድግዳው ጎን ተገትሮ ስለሚቆም በዚያ አቅጣጫ ከ30 ዲግሪ በላይ ሰማይ ሊጋርድ ይችላል። እንግዲህ ወደማትፈልጉት አቅጣጫ ላኩት፤ ለምሳሌ የከተማው ብርሃን ወደሚያደበዝዘው ወይም ቤታችሁ ቀድሞውኑ ወደሚጋርደው። በሰሜን ንፍቀ ክበብ ብዙ ሰው ወደ ሰሜን ይገፋል፤ ፕላኔቶች በአብዛኛው በደቡብ በኩል ስለሚያልፉ ነው። ይህ ግን ከምድር ወገብ ራቅ ላለ ይሠራል። የሰማይ ዋልታ ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታ ከቦታው ኬክሮስ ጋር እኩል ነው። ኬክሮሳችሁ 45 ከሆነ የሰሜን ኮከብ ከጣሪያው በላይ ይታያል። 10 ከሆነ ግን ጣሪያው ቢኖርም ባይኖርም ከግድግዳው ጀርባ ተደብቋል። ያኔ ፕላኔቶችም በአናት በኩል ስለሚያልፉ ሰሜን ደቡብ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም።

ትክክለኛውን ሰሜን ለማግኘት ኮምፓስ ብቻ አትመኑ። አቅራቢያ ያለ ብረት ያሳስተዋል፣ መግነጢሳዊው ሰሜንም ከእውነተኛው ይለያል። ቀጥ ያለ ዘንግ በቱንቢ ለክታችሁ መሬት ላይ ትከሉ። ዙሪያውን ክብ አስምሩ። የዘንጉ ጥላ ጫፍ ጠዋት ክቡን የሚነካበትን፣ ከሰዓት ደግሞ ተመልሶ የሚነካበትን ምልክት አድርጉ። ሁለቱን የሚያገናኘው መስመር ምሥራቅና ምዕራብ ነው። ለእሱ ቀጤ ነክ የሆነው ደግሞ ሰሜንና ደቡብ። በችካልና በሲባጎ አስሩትና ቴሌስኮፑ የሚቆምበት ምሰሶ እስኪሠራ ድረስ ማንም እንዳያፈርሰው ጠብቁ።

የግንባታ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ከመቆፈራችሁ በፊት ጠይቁ። የሚንቀሳቀስ ጣሪያ ያለው ቤት በየትኛው ምድብ እንደሚገባ ግራ የሚገባቸው መሥሪያ ቤቶች አሉ። ቀላል ንድፍ ይዛችሁ ሂዱ። ጎረቤትንም ቀድሞ ማናገር ነው፤ ኋላ መብራቱን እንዲያጠፋላችሁ የምትለምኑት እሱን ነው።

3. ምሰሶው

ገንዘብና ጉልበት የምትቆጥቡ ከሆነ ሌላ ቦታ ቆጥቡ። ምሰሶው ላይ አይሆንም።

ምክንያቱን በቁጥር እንየው። ጥሩ በሚባል ሌሊት የኮከብ ምስል አንድ ወይም ሁለት አርክ ሰከንድ ያህል ስፋት አለው፤ አርክ ሰከንድ ማለት የአንድ ዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው። 1 ሜትር ቁመት ያለው ምሰሶ ጫፉ 0.005 ሚሊሜትር ብቻ ቢዛነፍ ቴሌስኮፑ በአንድ አርክ ሰከንድ ዞረ ማለት ነው። ይህ ከሰው ፀጉር ውፍረት አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በክፍሉ ውስጥ የሚራመድ ሰው ምሰሶውን በምንም መንገድ መንካት የለበትም፤ በወለሉም፣ በግድግዳውም፣ በገመድም።

80 በ80 ሴንቲሜትር ስፋት፣ 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። መሬቱ በክረምት በረዶ የሚይዝ ከሆነ በረዶው ከሚደርስበት ጥልቀት በታች ውረዱ። አፈሩ ልል ከሆነም አስፉት። አንድ ነገር ተጠንቀቁ። በጀርመን ዓይነት ማውንት ላይ ቴሌስኮፑ ከምሰሶው መሃል ትንሽ ወደ ዋልታው አቅጣጫ አልፎ ነው የሚቆመው። የክፍሉን መሃል መያዝ ያለበት ቴሌስኮፑ ነው። ስለዚህ ማውንታችሁን ለኩና ጉድጓዱን በዚያው ልክ ከዋልታው በተቃራኒ አሽሹት።

ከ12 ሚሊሜትር ፌሮ አራት ቋሚ አቁሙ። በየ20 ሴንቲሜትሩ ቋሚዎቹን የሚያቅፍ ስቴፋ እሰሩበት። አርማታው አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር ይሁን። ጉድጓዱ 0.64 ሜትር ኩብ ስለሆነ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ አምስት ከረጢት ገደማ ይፈጃል። ሲደርቅ አንድ ቶን ተኩል ይመዝናል። በአንድ ቀን፣ በአንድ ጊዜ ሙሉት። ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ነገ ከሆነ መሃል ላይ መጋጠሚያ ይፈጠራል። አየር እንዳይቀርበት በብረት ዘንግ እየወጋችሁ አሳርፉት።

ምሰሶው ከላይ አርማታ ወይም ብረት ሊሆን ይችላል። እኔ የመረጥኩት ብረት ነው፦ 20 ሴንቲሜትር ስፋት፣ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቱቦ፣ ከታች ወፍራም ላሜራ የተበየደበት፣ በአራት ባለ ሦስት ማዕዘን ድጋፎች የተጠናከረ። እርጥቡ አርማታ ውስጥ ጫፋቸው የታጠፈ አራት ብሎኖች ይቀበራሉ። 16 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 50 ሴንቲሜትር ርዝመት ይኑራቸው። ብሎኖቹን በግምት አትትከሉ! ላሜራው ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ጣውላ ላይ ገልብጡ፣ ብሎኖቹን ጣውላው ላይ በዳዶ እሰሩ፣ ከዚያ ጣውላውን ከሰሜን መስመሩ ጋር አስተካክላችሁ አርማታው ላይ አስቀምጡት። ማውንቱ ግራና ቀኝ የሚስተካከለው በጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ምሰሶው በጣም ዞሮ ከተተከለ በኋላ የሚመልሰው የለም።

የቁመቱን ሒሳብ አስሉ። ዘንጎቹ የሚገናኙበት ከፍታ 1.4 ሜትር እንዲሆን ተፈልጓል። የማውንቱ ቁመት 35 ሴንቲሜትር ነው። ምሰሶው ከወለሉ 1.05 ሜትር ይወጣል። ከተጠራጠራችሁ ያጠረውን ምረጡ። አጭር ምሰሶ ላይ ማስረዘሚያ ይደረግበታል፤ የረዘመውን ግን መቁረጥ ነው።

አርማታውን ለ7 ቀን ውኃ አጠጡ፣ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑት። ሙሉ ጥንካሬውን አገኘ የሚባለው በ28 ቀን ነው። እኔ በትዕግሥት ማጣት በአሥረኛው ቀን ቴሌስኮፑን ልሰቅል ስል ባለቤቴ ነው የከለከለችኝ። ደግ አደረገች። ቱቦውን በደረቅ አሸዋ ሙሉት። ባዶውን በጣት መታ ስታደርጉት እንደ ደወል ይጮኻል፤ አሸዋ ሲገባበት ድምፁ ይሞታል፣ ንዝረቱም አብሮ።

4. መሠረት፣ ወለል፣ ገመድ

መሠረቱን ስታሰምሩ ማዕዘኑን በ3፣ 4፣ 5 ፈትሹ። በአንዱ ጎን 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ለክታችሁ ምልክት ስታደርጉ በመካከላቸው ያለው ርቀት ልክ 5 ሜትር ከመጣ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። ሁለቱ ሰያፎች እኩል መሆናቸውንም አረጋግጡ። እዚህ የተሠራች ስህተት ሐዲዱ ላይ ትገለጣለች።

ወለሉን ከእንጨት አድርጉት። ኮንክሪት ሙቀት ይይዛል፣ ለእግርም ይቀዘቅዛል፣ የወደቀውንም ዕቃ አይምርም። በምሰሶው ዙሪያ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ክፍተት ተዉ። ብሎን እንዳይገባበትና አይጥ እንዳይወጣበት በጎማ ሸፍኑት፤ ጎማው ወለሉ ላይ ብቻ ይመታ፣ ምሰሶውን አይጫነው። ፈተናው ቀላል ነው። ጁፒተርን በ200 እጥፍ እያያችሁ ጓደኛችሁ ወለሉ ላይ ይዝለል። ጁፒተር ካልዘለለች ተሳክቶላችኋል።

የገመድ ቱቦዎችን ወለሉ ከመመታቱ በፊት ቅበሩ። አንድ ለኤሌክትሪክ፣ አንድ ለኔትወርክ። እጥፋታቸው ሰፊ ይሁን፣ በውስጣቸውም የመጎተቻ ሲባጎ ተዉበት። ሁልጊዜ ካሰባችሁት አንድ መጠን ሰፋ ያለ ቱቦ ውሰዱ። የኤሌክትሪኩን ሥራ ለባለሙያ ስጡ። ጤዛ በሚያርፍበት ቦታ በባዶ እጅ ብረት የሚነካ ሰው ስላለ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚያቋርጥ ባለ 30 ሚሊአምፔር መቁረጫ የግድ ነው። መብረቅ በሚበዛበት ወቅት ሁሉንም ነገር ከሶኬት ንቀሉ፤ የኔትወርኩንም ገመድ።

5. ግድግዳ

ግድግዳው ላይ የምለው ብዙ የለም። የእንጨት አጽም በየ60 ሴንቲሜትሩ ቋሚ፣ ከውጭ ጣውላ። ብሎኬት ቀን ሙቀት ጠጥቶ ማታ ስለሚተፋ አልመክረውም። ሐዲዱን የሚሸከሙት ሁለቱ ግድግዳዎች ላይ ወፍራም አግዳሚ ይግባ፣ ማዕዘኖቹም በሰያፍ እንጨት ይጠናከሩ፤ ጣሪያው ሲገፋ ግድግዳውንም አብሮ ይገፋዋል። በሩ ሐዲድ በሌለበት፣ ጣሪያው በማይሸሽበት ግድግዳ ላይ ይሁን። ግድግዳው 1.8 ሜትር ስለሆነ በሩ ከዚያ ያንሳል። ጎንበስ ብሎ መግባት ነው። መቃኑ ላይ ስፖንጅ ለጥፉበት፤ በጨለማ ግንባር ይዞ መጮኽ አይቀርም።

ከውጭ ነጭ ቀቡት፤ የቀን ፀሐይን ይመልሳል። ከውስጥ ጥቁር ወይም ጥቁር ቡኒ፣ የማያብረቀርቅ።

6. ሐዲዱ

ሥራው ያለው እዚህ ነው። ጣሪያው እንደ በር በአንድ እጅ ሊገፋ ወይም ሦስት ሰው ጠርቶ ሊያስለፋ የሚችለው በሐዲዱ ነው።

50 በ50፣ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አንግል ብረት ውሰዱ። ሹል ጀርባውን ወደ ላይ አድርጋችሁ አግዳሚው ላይ አስተኙት። በዚያ ላይ የሚሄደው ጎማ መሃሉ እንደ ቪ የተቦረቦረ ነው፤ የተንሸራታች ግቢ በር ጎማ ማለት ነው። አንግል ብረት ብዙ ጊዜ በ6 ሜትር ስለሚመጣ 3 ሜትር ቤትና 3 ሜትር መሸሻ ያለ መጋጠሚያ ይወጣሉ። ከዚህ የረዘመ ከሆነ መጋጠሚያው ልክ በቋሚ አናት ላይ ይረፍ፣ ብየዳውም በሞረድ ይለስልስ።

አሁን ስህተቴን ልንገራችሁ። እኔ በሁለቱም በኩል ባለ ቪ ጎማ አደረግሁ። ትክክል መስሎኝ ነበር። ጣሪያው ቤቱ ላይ እያለ ጥሩ ይሄዳል፤ ሦስት አራተኛው ላይ ሲደርስ ቅርቅር! ለካ ውጪ ያለው የሐዲድ ጫፍ ከቤቱ ይልቅ 8 ሚሊሜትር ጠቧል። ቪ ጎማ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አይልም፣ ሁለቱ ተፋጠው ቆሙ። ሐዲዱን ብታስተካክሉት እንኳ እንጨት በበጋ ይሸበሸባል፣ በክረምት ያብጣል። መፍትሔው በአንድ በኩል ብቻ ቪ ጎማ ማድረግ ነው። በሌላው በኩል ጠፍጣፋ ጎማ በጠፍጣፋ ብረት ላይ ይሂድ። የቪው ጎን ይመራል፣ ጠፍጣፋው ይሸከማል። ጥቂት ሚሊሜትር ቢዛነፍ ጠፍጣፋው ጎማ ወደ ጎን ሸርተት ብሎ ያልፈዋል።

ከቤቱ ውጭ ያለው የሐዲድ ክፍል በየ1.5 ሜትሩ ቋሚ ይፈልጋል። እያንዳንዱ ቋሚ 40 በ40፣ 60 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው አርማታ ላይ ይቁም፤ በሰያፍም ይታሰር። እንጨት ወይም 80 በ80 ሚሊሜትር ቱቦላሬ ይሆናል። ውኃ ልኩን ግን በአጭሩ መሣሪያ አትለኩ፤ 6 ሜትር ላይ ያሳስታል። ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ጎማ በውኃ ሙሉት፣ አንዱን ጫፍ እዚህ፣ ሌላውን እዚያ ያዙ። ውኃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ይቆማል። ከዳር እስከ ዳር ልዩነቱ ከ2 ሚሊሜትር አይብለጥ። ሐዲዱ ከተጋደለ ጣሪያው በራሱ መሄድ ይጀምራል።

ጎማዎቹ በየጎኑ ሦስት፣ በጠቅላላው ስድስት ናቸው። የጣሪያው ክብደት 180 ኪሎ ከሆነ ለስድስት ሲካፈል 30 ይመጣል። በዚህ እንዳትሸወዱ። ሐዲዱ ትንሽ ከጎበጠ ጭነቱ በሁለት ሦስት ጎማ ላይ ያርፋል። እያንዳንዱ ከ100 ኪሎ በላይ የሚችል፣ ኩሽኔታ ያለው፣ ከ10 ሴንቲሜትር የማያንስ ይሁን። ትልቅ ጎማ ኮረት ሲያጋጥመው አይቆምም። ሐዲዱን ጸረ ዝገት ቀቡት እንጂ ግራሶ አትለቅልቁት። ግራሶ አቧራ ይሰበስብና ሊጥ ይሆናል።

በሁለቱም ጫፍ ላይ ማቆሚያ ብረት በየዱ፣ ጎማም አልብሱት። ያለ ማቆሚያ ጣሪያው የት እንደሚያበቃ መገመት ቀላል ነው።

7. ጣሪያው

ሁለት ተዳፋት ያለው፣ አናቱ ከሐዲዱ ጋር ትይዩ የሆነ ጣሪያ ቀላሉ ነው። ተዳፋቱ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይበቃል፤ በረዶ የሚከመርበት አገር ከሆነ ግን ከፍ ማድረግና አጽሙን ማጠንከር ያስፈልጋል። 5 በ10 ሴንቲሜትር የሆነ ወራጅ በየ60 ሴንቲሜትሩ፣ በላዩ ማገርና ቀጭን ቆርቆሮ። ክፈፉ በሐዲዱ በኩል ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ይውጣ፤ ውኃ ሐዲዱ ላይ እንዳይወርድ። አጽሙን መሬት ላይ ገጥማችሁ ፈትሹት። ቆርቆሮው ግን ጎማው ላይ ካረፈ በኋላ ይመታ፤ ቆርቆሮ የለበሰ ጣሪያ ማንሳት ለወገብ አይበጅም።

በጣሪያውና በግድግዳው አናት መካከል ጎማዎቹ የፈጠሩት 15 ሴንቲሜትር ያህል ክፍተት ይቀራል። ይህን ከውጭ የሚሸፍን ቀሚስ መሰል ጣውላ ዙሪያውን ይንጠለጠላል። እኔ ቀሚሱን በአራቱም በኩል በሚስማር ጠርቅሜ መታሁ። በመክፈቻው ቀን ወዳጆቼን ጠርቼ ጣሪያውን ብገፋ፣ ብገፋ፣ ንቅንቅ የለም። ጎማውን ረገምኩ። ሐዲዱን ረገምኩ። ከወዳጆቼ የአንዱ ልጅ ዞር ብሎ መጣና «ጋሼ፣ እንጨቱ ግድግዳውን ይዞታል» አለኝ። እውነቱን ነው። ጣሪያው ወደ ሰሜን ከሄደ በደቡብ በኩል የተንጠለጠለው ቀሚስ ከደቡብ ግድግዳ ጋር ይላተማል። በዚያ በኩል ያለው ቀሚስ በማጠፊያ ይሰቀል፣ ከመገፋቱ በፊት ወደ ላይ ይታጠፍና በመቀርቀሪያ ይያዝ። የቀሩት ሦስቱ ይመቱ።

ቴሌስኮፑ ላይ የሚያልፈውም ይኸው ጎን ነው። ቅድም የጻፋችሁትን ቁጥር አሁን አውጡት። የዚህ ጎን የታችኛው አግዳሚ ከዚያ ቁጥር ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ማለፍ አለበት። ካልሆነ አግዳሚውን ከፍ አድርጉ ወይም የማረፊያውን አቀማመጥ ቀይሩ።

ሞተርን ለጊዜው እርሱት። አንድ ዓመት በእጃችሁ ግፉት። የሚያስቸግር ነገር ካለ በእጅ ይታወቃል፤ ሞተር ግን ችግሩን እየሰበረ ያልፋል። በኋላ ሞተር ካስገባችሁ ቴሌስኮፑ አርፏል የሚል ማረጋገጫ ሳያገኝ እንዳይነሳ አድርጉት።

8. ንፋስ

በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 48 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት ያመጣል። ከክፈፉ ጋር 12 ካሬ ሜትር የሆነ ጣሪያ ላይ ከግማሽ ቶን በላይ ነው። ጣሪያችን 180 ኪሎ ነው። ንፋሱ ከሥሩ ገብቶ ካነሳው በክብደቱ ብቻ አይቆምም።

ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው በየጎማው አጠገብ ከጣሪያው ወርዶ በሐዲዱ አግዳሚ ሥር የሚታጠፍ የብረት መንጠቆ ነው። ከአግዳሚው ጋር 5 ሚሊሜትር ክፍተት ይኑረው። ጣሪያው ሲሄድ አይነካውም፤ ሊነሳ ሲል ግን ይይዘዋል። መንጠቆዎቹ በቋሚዎቹ በኩል ያለ መሰናክል ማለፋቸውን ሳትፈትሹ አትበይዱ። ሁለተኛው በአራቱ ማዕዘን የሚጠበቅ ማሰሪያ ነው፤ በብሎን እየዞረ የሚጠብቀው ዓይነት። ሲዘጋም ሲከፈትም ይታሰራል። ክፍት ጣሪያ በሌሊት ንፋስ ተነድቶ ቴሌስኮፑ ላይ ሲመጣ ማየት አትፈልጉም።

9. እርጥበት

ቆርቆሮ በጠራ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛል። ያኔ ከውስጥ በኩል ጤዛ ይይዝና ቴሌስኮፑ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ያለ ዝናብ የሚያፈስ ጣሪያ ማለት ይህ ነው። ከቆርቆሮው ሥር 2 ሴንቲሜትር ፎም ወይም ስስ ጣውላ ይመታ። በተቃራኒ ግድግዳዎች ላይ አንዱ ዝቅ፣ አንዱ ከፍ ያለ መተንፈሻ ክፈቱ፤ ወንፊትም አልብሱት። ቴሌስኮፑን በጨርቅ ሸፍኑ። ላስቲክ እርጥበቱን ከውስጥ ይቆልፈዋል።

10. የመጀመሪያ ሌሊቶች

ምድር በየሰከንዱ 15 አርክ ሰከንድ ትዞራለች። ማውንቱ ይህን እንዲከተል ዘንጉ በትክክል ወደ ሰማይ ዋልታ ማነጣጠር አለበት። ዋልታው የሚታያችሁ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። የማይታያችሁ ወይም ደማቅ የዋልታ ኮከብ በሌለበት በደቡብ ንፍቀ ክበብ ያላችሁ፣ በኮከብ መንሸራተት አስተካክሉ። በሰማዩ የሰሜን ደቡብ መስመር አካባቢ፣ በሰማይ ወገብ (ልክ ከምድር ወገብ በላይ በሚያልፈው የሰማይ መስመር) ላይ ያለ ኮከብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ከተንሸራተተ ማውንቱን ግራ ቀኝ ታስተካክላላችሁ። በምሥራቅ ወይም በምዕራብ ዝቅ ብሎ ያለ ኮከብ ከተንሸራተተ ደግሞ ከፍ ዝቅ ታደርጋላችሁ። ሁለቱም እስኪቆሙ ድረስ መመላለስ ነው። ሙሉ ሌሊት ይፈጅ ይሆናል። ግን ከዚያ በኋላ በየማታው አይደገምም። መሬቱ ስለሚረጋ ከሦስት ወር በኋላ አንዴ ፈትሹት።

መብራታችሁ ቀይና ደብዛዛ ይሁን። ዓይን ጨለማ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንድ የስልክ ስክሪን ያንን ሁሉ ያጠፋዋል።

ለመዝጊያው አንዲት ዘዴ አለችኝ። ጣሪያው በሚያልፍበት ከፍታ ልክ በሁለቱ የሐዲድ ግድግዳዎች ላይ ትይዩ ሚስማሮች መትቻለሁ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንቅልፍ ዓይኔን ሲጫነው ቴሌስኮፑን አሳርፋለሁ፣ ከዚያ ነጭ ሲባጎ ከሚስማር ወደ ሚስማር እወጥራለሁ። ሲባጎው ቴሌስኮፑን ከነካ ጣሪያው አይንቀሳቀስም። ካልነካ ሲባጎውን ፈትቼ ኪሴ ውስጥ እከትና እገፋለሁ።